ጄንጊስ ካን በኢስፈንዲያር ቦታ፦ ሻህናሜና የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊዎች

ብራና_ወዳድ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን አንድ ገጽ አላላውስ ብሎኛል፤ ብቻዬን ከምብሰለሰል እናንተም እዩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጊዜው 1221 ነው። በማዕከላዊ እስያ የነበረው የኸዋሪዝም መንግሥት ልዑል ጀላል አድ-ዲን በኢንዱስ ወንዝ ዳር በሞንጎሎች ተከቧል። ፊቱ ሰይፍ፣ ጀርባው ውኃ። በመጨረሻ ጋሻውን በጀርባው አንግቶ ፈረሱን ከገደሉ አፋፍ ወደ ወንዙ አዘለለውና ተሻገረ። ጄንጊስ ካን ከወዲህ ማዶ ቆሞ እጁን በአፉ ጭኖ አየው። ዘለው ሊከተሉት የተነሡትን ወታደሮቹን ከለከለና ወደ ልጆቹ ዞሮ «አባት ከወለደ አይቀር እንዲህ ያለውን ነው» የሚል ቃል ተናገረ።

ይህን የሚተርክልን አጣ-መሊክ ጁወይኒ ነው። ቤተሰቡ የወደቀውን የኸዋሪዝም መንግሥት ያገለገለ፣ እሱ ግን የሞንጎሎች ሹም ሆኖ ያደገ፣ በኋላም ባግዳድን በእነሱ ስም ያስተዳደረ ፋርሳዊ ነው። «የዓለም አቅኚው ታሪክ» የተባለውን መጽሐፉን የጨረሰው 1260 አካባቢ ነው።

አሁን የሚሆነውን ተመልከቱ። ከጄንጊስ ቃል ቀጥሎ ጁወይኒ ሐተታ አይጽፍም። ሻህናሜ ከተባለው፣ ፊርደውሲ ስለ ፋርስ ነገሥታትና ጀግኖች ከገጠመው ረጅም ግጥም ጥቂት ስንኞች መዞ ያስገባል። ስንኞቹ የግጥሙ ታላቅ ጀግና ሩስተም ቆስሎ ወንዝ ሲሻገር ልዑል ኢስፈንዲያር ከኋላው እያየ የተናገረው ነው፦ «ይህን ‹ሰው› ብላችሁ አትጥሩት፤ ኃይለኛ ዝሆን ነው እንጂ።»

ተረቱን ለማያውቅ ጌጥ ነው። ለሚያውቅ ግን ደም የሚያቆም ነገር ነው። ኢስፈንዲያር ገላውን ብረት የማይበሳው ልዑል ነው። አባቱ ዙፋኑን እሰጥሃለሁ ብሎ፣ ሩስተምን በሰንሰለት አስሮ እንዲያመጣ ላከው። ያን ቀን ሩስተም ቆስሎ፣ ፈረሱም ቆስሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ አመለጠ። ከዚያ ግን ሲሙርግ የተባለችው ታላቅ ወፍ ባሳየችው የቀስት ዘንግ ተመልሶ መጣና ኢስፈንዲያርን ዓይኖቹን ወግቶ ጣለው። ጁወይኒ ጄንጊስ ካንን ያቆመው እዚያ ቦታ ላይ ነው፤ የሞንጎሎችን እንጀራ እየበላ!

እኔ እንደማነበው ሻህናሜ ለእነዚህ ሰዎች ማጣፈጫ አልነበረም። በስድ ንባብ የማይደፈረውን የሚናገሩበት ሁለተኛ አንደበት ነበር። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

ቀጥተኛው፦

ወንድሜ፣ አቀራረብህ ይማርካል፤ ሐሳቡን ግን አልቀበልም። ጄንጊስን የገደለው ጀላል አድ-ዲን አይደለም። ልዑሉ ራሱ 1231 ላይ በኩርዶች ምድር ከጦር ሜዳ ውጪ ተገደለ። ታዲያ «ሁለተኛው አንደበት» የተናገረው ትንቢት የት ደረሰ? ግጥም በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ እኔ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፦ ጸሐፊው ምን እንደተፈጸመ መናገር ሲገባው ምን እንደሚመስል ይነግረኛል። ሁሉም ጀግና ሩስተም፣ ሁሉም ጠላት የሻህናሜው ክፉ ንጉሥ አፍራሲያብ ይሆናል። ስንት ሰው ሞተ? እህል ስንት ገባ? ግብሩን ማን ከፈለ? እሱ የለም።

ደግሞስ ፊርደውሲ ራሱ ለዘመኑ ገዢ ለሱልጣን ማሕሙድ ወርቅ ብሎ የጻፈ አይደለም እንዴ? በወርቅ ፈንታ ብር ሲመጣለት ተቆጥቶ ለገላ አጣቢና ለመጠጥ ሻጭ በተነው ይባላል። የቤተ መንግሥት ግጥም ሥሩ እንዲህ ነው።

ወለተ_ሰዋስው፦

ቀጥተኛው፣ የወርቅና የብሩ ነገር ላይ ላርምህ። ታሪኩን የምናገኘው ኒዛሚ አሩዚ የተባለ የቤተ መንግሥት ሰው 1150ዎቹ ውስጥ ከጻፈው ነው። ሻህናሜ ያለቀው 1010 ላይ ነው፤ በመካከሉ መቶ አርባ ዓመት ግድም አለ። ከዚያ ይልቅ የዘመኑን ቅደም ተከተል አስተውል፦ ፊርደውሲ ሥራውን የጀመረው 977 አካባቢ ነው፣ ማሕሙድ ዙፋን የያዘው 998። ሰውየው ገና ላልነገሠ ሱልጣን ደመወዝ ብሎ ሊጽፍ አይችልም። የጀመረው በጡስ ከተማ ባላባትነቱ፣ በገዛ መሬቱ ላይ ተቀምጦ ነው።

እኔ የምወደው ሌላኛውን ወግ ነው። «የሲስታን ታሪክ» የተባለው ስመ ጸሐፊው ያልታወቀ መጽሐፍ ያቆየው። ፊርደውሲ ለማሕሙድ ለብዙ ቀን አነበበለት። ሱልጣኑ በመጨረሻ፣ መጽሐፍህ የሩስተም ወሬ ብቻ ነው፤ በእኔ ሠራዊት ውስጥ እንደ ሩስተም ያለ ሺህ ሰው አለ አለው። ፊርደውሲም ዕድሜህ ይርዘም ጌታዬ፤ በሠራዊትህ ስንት ሩስተም እንዳለ አላውቅም፤ ይህን ግን አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር እንደ ሩስተም ያለ ሌላ ባሪያ አልፈጠረም ብሎ መሬት ስሞ ወጣ። ማሕሙድም ለሚኒስትሩ፣ ይህ ሰው እኮ በነገር ውሸታም አለኝ አለው።

ተፈጸመ አልተፈጸመ ሌላ ጉዳይ ነው። የሲስታን ሰዎች ግን ሩስተም የአገራቸው ልጅ ነውና ነገሩን በሚገባ ተረድተውታል፦ ሩስተም መለኪያ ነው። ንጉሡ ይለካበታል እንጂ መለኪያውን አያሳጥርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግጥሙ ራሱ የተወለደው ከቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። ከእስልምና በፊት ፋርስን የገዙት የሳሳን ነገሥታት በመካከለኛው ፋርስኛ «የጌቶች መጽሐፍ» የሚባል የዘር ሐረግና የነገሥታት ዜና ነበራቸው። ኢብን አል-ሙቀፋዕ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ዐረብኛ መለሰው። 957 ላይ የጡሱ ገዢ አቡ መንሱር ሽማግሌዎችን ሰብስቦ በስድ ንባብ የፋርስኛ ሻህናሜ አስጻፈ፤ ፊርደውሲ ሥራውን በዚህ ላይ ተመሥርቶ ገጠመ። ስለዚህ ታሪክ ወደ ግጥም ገባ፣ ከዚያ ግጥሙ ዞሮ የሚቀጥሉትን ታሪክ ጸሐፊዎች አስተማረ። ማን ከማን ተበደረ ብሎ መለየት አይቻልም።

ዴይራ_ዱባይ፦

ይህን ክር ሳነብ ከሥራ ሰዓት አለፈብኝ። እኔ ዴይራ ገበያ ነው የምሠራው። ከእኛ አጠገብ ቅመም የሚሸጡ ኢራናዊ ሽማግሌ አሉ። ቀትር ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሻህናሜ በቃላቸው ይወርዱታል፤ የዘፍራኑን ቆርቆሮ በጣታቸው እየመቱ። ፋርስኛዬ የገበያ ነው። የቆርቆሮው ምት ግን ገብቶኛል፦ አጭር-ረጅም-ረጅም፣ አጭር-ረጅም-ረጅም፣ አጭር-ረጅም-ረጅም፣ አጭር-ረጅም። በአንድ ስንኝ አሥራ አንድ ቀለም። እንደ ፈረስ ግልቢያ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሰኮናው መሬት ነክቶ ይቆማል።

የእኛ የወል ቤት ስድስት በስድስት ተከፍሎ አሥራ ሁለት ቀለም ነው፤ እዚያ የምንቆጥረው ቀለሙን ብቻ ነው። እነሱ ግን ርዝመቱንም ይመዝናሉ። ቤት የሚመቱት ሁለቱ ስንኞች እርስ በርሳቸው ብቻ ነው፤ ቀጣዮቹ ጥንዶች አዲስ ቤት ይይዛሉ። ለዚህ ነው ሃምሳ ሺህ ጥንድ ያህል ሲሄድ ገጣሚው የማይታነቀው።

ብራና_ወዳድን የምጠይቀው፦ በዚህ ምት የእውነት ታሪክ፣ ማለቴ ዘመንና ስም ያለው፣ የጻፈ ሰው አለ? ወይስ እንደ ጁወይኒ በመሃል እየሰኩ ብቻ ነው?

ብራና_ወዳድ፦

ጥያቄህ ዋናው ቦታ ላይ አሳረፈን። አለ፤ እጅግ የምወደው ሰው ደግሞ ሐምዱላህ ሙስተውፊ ነው።

ሙስተውፊ ማለት የግብር ሒሳብ ተቆጣጣሪ ማለት ነው፤ የቤተሰቡ ሙያ ነው። የቀዝዊን ሰው። በታላቁ ሚኒስትርና ታሪክ ጸሐፊ በረሺድ አድ-ዲን ሥር አገልግሏል። ይህ የሒሳብ ሰው በእጁ የሚገኙት የሻህናሜ ቅጂዎች በገልባጮች ስሕተት ተበላሽተው ቢያይ፣ ስድስት ዓመት ቅጂ ከቅጂ እያመሳከረ ግጥሙን አረመ። ጎን ለጎን የራሱን ጀመረ። «ዘፈርናማ»፣ የድል መጽሐፍ። አሥራ አምስት ዓመት ፈጀበት፤ በዚያው በፊርደውሲ ምት፣ 75,000 ጥንድ ስንኝ። 25,000ው ስለ ዐረቦች፣ 20,000ው ስለ ፋርሶች፣ 30,000ው ስለ ሞንጎሎች። የጨረሰው 1335 ላይ ነው። በዚያው ዓመት ኢራንን የሚገዛው የሞንጎል ኻን (ኢልኻን) አቡ ሰዒድ ወራሽ ሳይተው ሞተና መንግሥቱ ተበተነ።

አሁን ቀጥተኛው የጠየቀውን ልመልስ፦ ስንት ሰው ሞተ? ሙስተውፊ ሞንጎሎች 1220 ላይ የገዛ ከተማውን ቀዝዊንን ሲያወድሙ የሆነውን በዚህ ግጥም ውስጥ አስቀምጦታል። ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች፣ ከቅድመ አያቱ አፍ ሲወርድ የመጣ ነው። የገዢዎቹን ድል በሚያወሳ መጽሐፍ ውስጥ፣ ገዢዎቹ የገደሏቸው የአገሩ ሰዎች ሬሳ አለ። አጥንት የሚያህል ምስክርነት ነው፤ በስድ ንባብ አይደለም፣ በፈረስ ግልቢያው ምት ነው።

ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት 1405 ላይ የተገለበጠ ቅጂው አለ። የገጹ መሃል ዘፈርናማ ነው፣ ኅዳጉ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ሻህናሜ ተጽፏል። ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ሞንጎሎቹ መሃል፣ ጥንታውያኑ ነገሥታት ደግሞ በዳር ቆመው ያዩአቸዋል። የዚህን ክር ጉዳይ በአንድ ገጽ የሳለልኝ ያ ገልባጭ ነው።

ስለ ጀላል አድ-ዲን አሟሟት ቀጥተኛው ያልከው እውነት ነው። ግን ሩስተምስ እንዴት ሞተ? በጦር ሜዳ አይደለም። ወንድሙ ሸጋድ ባስቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ፣ በክዳት ነው።

ቦስፎር_ዳር፦

ከኢስታንቡል ነኝ። እዚህ ደግሞ ነገሩ መሥሪያ ቤት ሆነ። በሱልጣን ሱለይማን ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ሥራው የኦቶማንን ሻህናሜ መጻፍ የሆነ ባለ ደመወዝ ሹም ተሾመ፤ «ሸህናሜጂ» ይባላል። የመጀመሪያው ዓሪፍ ነበር። አምስት ቅጽ አቅዶ፣ አምስተኛውን «ሱለይማንናሜ»ን 1558 ላይ ፈጸመ፤ 69 ሥዕሎች አሉት። ቋንቋው ግን ቱርክኛ እንዳይመስላችሁ። ፋርስኛ ነው። ምቱም የፊርደውሲ። ሱለይማን ኢራንን ደጋግሞ ወግቷል፤ የዘመቻው ዜና የተጻፈው በተወጋው አገር ቋንቋ፣ በተወጋው አገር ጀግኖች ሚዛን ነው። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከሥዕሎቹ አንዱን በትልቅ ሕትመት አግኝቼ ለረጅም ሰዓት አይቼዋለሁ። የባልካን መንደር ነው። ለሱልጣኑ አገልግሎት የተመለመሉ ክርስቲያን ልጆች ቀይ ልብስ ለብሰው፣ ትንሽ ትንሽ ጓዛቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አንድ ጸሐፊ መዝገብ ይዞ ተቀምጧል፣ ገንዘብ ይቆጠራል፣ የመንደሩ ሰዎች ዳር ላይ ናቸው። በሻህናሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ትዕይንት የለም። ሠዓሊው ከዘንዶና ከሩስተም ወርዶ የመንግሥትን ሥራ እንዳለ አሳየ። ስለዚህ ቀጥተኛው «ግብሩን ማን ከፈለ» ያልከው አንዳንዴ በግጥሙ ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ ነው የሚገኘው።

መሥሪያ ቤቱ ብዙ አልቆየም። 1569 ላይ የተሾመው ሰይድ ሉቅማን በፋርስኛ ግጥም ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ቱርክኛ፣ ወደ ስድ ንባብም ተሻገረ። 1600 አካባቢ ሹመቱ ከሰመ። በነገራችን ላይ 1568 ላይ የኢራኑ ሻህ ጠህማስፕ ለአዲሱ ሱልጣን ለሰሊም የላከው ስጦታ ምን ነበር? 258 ሥዕሎች ያሉት ሻህናሜ።

ወለተ_ሰዋስው፦

ቦስፎር_ዳር ወደ ምዕራብ ከወሰድሽን እኔ ወደ ምሥራቅ ልሂድ፤ ምክንያቱም «ደመወዝተኞች ናቸው» ለሚለው የሚበጀው መልስ ህንድ ውስጥ ነው።

ዒሳሚ የሚባል ገጣሚ አለ። 1327 ላይ የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ሕዝቡን ከዴልሂ ወደ ደቡብ፣ ወደ ደውለታባድ እንዲሰደድ አዘዘ። ዒሳሚ ያኔ ወጣት ነው። አያቱ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ። ከቤታቸው ተገደው ወጡ፤ ገና በጉዞው መጀመሪያ ላይ አያቱ ሞቱ። ዒሳሚ ይህን አልረሳም። 1350 ገደማ በፊርደውሲ አርአያ «ፉቱሕ አስ-ሰላጢን» የተባለውን፣ 12,000 ያህል ጥንድ ስንኝ ያለውን የህንድ ሱልጣኖች ታሪክ ጻፈ። በውስጡ ያን ሱልጣን እንደ ክፉ ነው የሣለው። ያበረከተው ደግሞ ከዚያው ሱልጣን ላመፀውና በደቡብ አዲስ መንግሥት ላቆመው ለአላ አድ-ዲን ባህመን ሻህ ነው። ባህመን ማን ነው? በሻህናሜ የኢስፈንዲያር ልጅ ነው፤ ገዢው ዘሬ ከእሱ ይቆጠራል ይል ነበር።

አዎ፣ አዲሱን ጌታ ያሞግሳል። ግን የአያቱ ሞት ያለው በዚያው መጽሐፍ ነው። ግጥሙ ባይኖር ያን ሽማግሌ ማን ያስታውሰው ነበር?

የአባቴ_ብራና፦

ይቅርታ፣ ከመሃል ልግባ። በእኛ ዜና መዋዕሎች ላይ የሻህናሜ እጅ አለ? አባቴ የደብር አለቃ ስለነበሩ ልጅ ሳለሁ የእስክንድርን ዜና ሲነግሩን እሰማ ነበር። እሱስ?

ወለተ_ሰዋስው፦

ወንድሜ፣ ዜና መዋዕሎቻችን የሚለኩት በሻህናሜ ሳይሆን በመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የዓምደ ጽዮን የ1332 ዘመቻ ጸሐፊ ዓይኑ ዳዊትና መጽሐፈ ነገሥት ላይ ነው።

እስክንድር ግን እውነተኛ ዝምድና ነው። የግሪኩ የእስክንድር ተረት አንድ ወንዝ ነው፤ አንዱ ገባሩ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ፣ ሌላው ወደ ፊርደውሲ ደረሰ። እያንዳንዱ አገር ደግሞ የራሱ ልጅ አደረገው። በግሪኩ አባቱ የግብፅ ንጉሥ ነው። በሻህናሜ የፋርሱ ንጉሥ የዳራብ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ኢራንን ሲወር ወራሪ ሳይሆን ወንድሙን የወጋ ወራሽ ይሆናል። በግእዙ እግዚአብሔርን የሚፈራ ንጉሥ ነው። አባትዎ የነገሩዎት ይህንኛው ይመስለኛል።

ሌላም አለ፣ ልብ የሚነካ። ከእነዚያው ከሳሳን ዜናዎች ጋር ተያይዞ ታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ የጻፈው የየመን ታሪክ። በ570ዎቹ ፋርሶች ሐበሾችን ከየመን ሲያስወጡ፣ ወህሪዝ የተባለው አዛውንት የጦር አዛዥ ቅንድቡ ዓይኑን ስለሸፈነው ወደ ላይ አሳስሮ፣ የአብርሃን ልጅ መስሩቅን ግንባሩ ላይ በሚያበራው ዕንቁ አነጣጥሮ ወጋው ይላል። በዚያ ተረት ውስጥ የምንወድቀው እኛ ነን።

ቀጥተኛው፦

ዒሳሚንና ሙስተውፊን አላውቃቸውም ነበር፤ ስለ ቀዝዊን የተባለውን እቀበላለሁ። ግን አንዱን ጥያቄዬን አልተውም። ፈትሕ-ዓሊ ኻን ሰባ የተባለውን ገጣሚ አስቡ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ለኢራኑ የቃጃር ንጉሥ ለፈትሕ-ዓሊ ሻህ በሻህናሜ ምት «ሻሃንሻህናማ» ጻፈ፤ ከሩሲያ ጋር የተደረገውን ጦርነት እንደ ሩስተም ጦርነት ዘመረው። መድፍ በቆመበት ሜዳ ላይ ጎራዴና ዘንዶ። 1813 ላይ የጉሊስታን ውል፣ 1828 ላይ የቱርክማንቻይ ውል ሲፈረም ኢራን ካውካሰስን አጣች። ሚዛኑ እዚህ ጋ ንጉሡን አልለካም፤ ዓይኑን ሸፈነው። ይህንንም ጻፉልኝ።

ብራና_ወዳድ፦

እጽፋለሁ፣ እውነትህን ነው። ገጣሚው ሰባ ምቱን ወሰደ፣ ፍርዱን ተወ። ፊርደውሲ መጽሐፉን የጨረሰው በድል አይደለም፤ የመጨረሻው የሳሳን ንጉሥ ያዝደገርድ 651 ላይ ከወፍጮ ቤት ተደብቆ ተገድሎ፣ አገር ጠፍቶ ነው። መጨረሻውን ቆርጦ የሚያነብ ሰው ሻህናሜ አላነበበም።

ለጁወይኒ ልቤ የሚሞቀው ለዚህ ነው። ወንድሙ ሸምስ አድ-ዲን የአባቃ ኻን ታላቅ ሚኒስትር ነበር። ያ አባቃ፣ እስላም ያልሆነ የሞንጎል ኻን፣ በ1270ዎቹ ተኽት-ኢ-ሱለይማን በተባለው ቦታ፣ በጥንቱ የሳሳን የእሳት መቅደስ ፍርስራሽ ላይ ቤተ መንግሥት ሠራ፤ ግድግዳው ላይ የሻህናሜ ስንኞች የተጻፉባቸው የሸክላ ንጣፎች ተለጠፉ። ኻኑ ወጣ ገባ ሲል የሚያየው ያንን ነው። ያነበዋል አያነበውም ሳይሆን፣ ግድግዳው እሱን ያነበዋል።

ዴይራ_ዱባይ፦

ዛሬ ቀትር ላይ ሽማግሌውን ስለ ወንዙ ጠየቅኋቸው። ጁወይኒ የሚባል ሰው ሰምተው አያውቁም። ግን «ኢስፈንዲያር ከኋላው አየ» ከማለቴ ቆርቆሮውን ሳቡት። «ሀሚ ጎፍት ኪን ራ መኻኒድ መርድ» አሉና ቀጠሉ፤ ይህን ሰው ብላችሁ አትጥሩት የሚለው እሱ ነው። ሁለት ገዢዎች ሱማቅ ሊገዙ መጥተው ቆሙ፣ አላዩአቸውም። ወንዙን አሻገሩት፣ ቁስሉን አከሙት፣ ወፏን ጠሩ፣ ዘንጉን አስቆረጡ። ፍላጻው ሲወረወር ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ጣታቸው ቆርቆሮው ላይ ቆመ፣ በሌላ እጃቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ለኢስፈንዲያር ነው ያለቀሱት።